የእንጦጦ ቁልቁለትና የመኪና ባለቤት ዕዳ

በኦሪት ዘፀአት በሃያ አንደኛው ምዕራፍ ስለ ወጊ በሬ የተደነገገውን ሕግ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበሬው ጠባይ አስቀድሞ ያልታወቀ እንደ ሆነና ድንገት ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በሬው ወጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ እርሱም ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ የሟቹ ደም ከባለቤቱ ራስ ላይ አይወርድም። በሬው አንድ ነው፤ የሟቹም ሞት አንድ ነው፤ ፍርዱን የለየው ማወቅ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬ ከወጊ በሬ ይልቅ ወጊ መኪና ይበዛል። ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ የማይዝ፣ ጎማው ተልጦ የለሰለሰ፣ መሪው ለቀቅ ሲደረግ ወደ ግራ የሚጎትት መኪና ባለቤቱ ሳያውቀው ከሰፈር አይወጣም። ሹፌሩ ነግሮታል፤ መካኒኩም ነግሮታል፤ መኪናው ራሱም በድምፁና በመንቀጥቀጡ ከሁለቱ አስቀድሞ ተናግሯል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ለጊዜው ይሂድ» የሚል ነው። ይህ ቃል በኦሪቱ ሚዛን ሲመዘን በሬው ወጊ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ነገር ግን አላስረውም እንደ ማለት ነው።

የአገሩም ሕግ ከዚህ አሳብ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እንስሳት ባለቤት፣ ስለ ሕንፃ ባለቤትና ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ኀላፊነት በአንድ ክፍል ውስጥ አከታትሎ ይናገራል። በቍጥር 2081 እንደ ተደነገገው ባለ መኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት በመሠረቱ ተጠያቂ ነው፤ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ከኀላፊነት አይድንም። እንግዲህ በዚህ በኩል የዛሬው ሕግ ከሙሴ ሕግ ይልቅ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ባለቤቱ ጉድለቱን ዐውቆ ነበርን ብሎ እንኳ አይጠይቅምና።

ይህ ነገር በሁሉም ስፍራ እውነት ቢሆንም በጉለሌ ይብሳል። ጉለሌ የእንጦጦን ግርጌ ይዞ የተቀመጠ ስለ ሆነ በሰሜን በኩል ወደ ከተማው የሚገባ ሁሉ የሚደርስበት ቁልቁል ወርዶ ነው። አንደኛው መንገድ ከእንጦጦ ማርያምና ከእንጦጦ ራጉኤል በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል። ሁለተኛው ከጎጃም በሱሉልታ በኩል መጥቶ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ነው፤ እህልና ከብት የጫኑ ከባድ መኪናዎች ከሩቅ አገር ደክመው የሚደርሱበትም ይህ መንገድ ነው። በሁለቱም መንገዶች ዳር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከጀርባቸው በላይ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚወጡ በሽተኞች በዘንግ ተደግፈው ይሄዳሉ፤ ሯጮች ገና ሳይነጋ ልምምድ ያደርጋሉ፤ አህያ የሚነዳው፣ ተማሪው፣ ሸማ የተሸከመው ሁሉ በዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእንጦጦ ላይ ትልቅ መናፈሻ ስለ ተከፈተ በበዓልና በእሑድ ቀን ቁልቁለት መንዳት ያልለመዱ ብዙ የከተማ ሰዎች ወደዚያ ይወጣሉ። መውጣቱን ሞተር ያስችለዋል፤ መውረዱ ግን የነጂው ዕውቀት ነው።

ቁልቁለት በመኪና ላይ ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ ማየት ይቻላል። አሥራ አምስት ኩንታል የሚመዝን መኪና አራት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ቢወርድና ነጂው በፍሬን ብቻ ቢይዘው፣ ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት ያው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሃያ ስምንት ጊዜ ያህል ፈጽሞ ከማቆም ጋር ይተካከላል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነውም ብረቱ ሳይበርድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሙቀቱ የፍሬኑን ሸራ ያደነዝዘዋል፤ ሽታውም ይወጣል። ከዚያ የሚብሰው የፍሬን ዘይት መፍላቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ነገር ግን ጠባዩ ከአየር ውስጥ እርጥበት መጠጣት ስለ ሆነ ውሃ ከጠጣ በኋላ በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ኀይልን ወደ ጎማው አያስተላልፍም። ስለዚህ ጠዋት በሜዳ ላይ ደኅና ሆኖ የተሞከረው ፍሬን ከሰዓት በኋላ በቁልቁለቱ መካከል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። «ዛሬ ጠዋት እኮ ይይዝ ነበር» የሚለው የሹፌር ቃል ብዙ ጊዜ ሐሰት አይደለም። የጎደለው በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የሚገባውን ዘይት አለመለወጥ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ያንሳል።

ስለዚህ በዚህ አገር መንዳትን ያወቀ ሰው ሽቅብ በወጣበት ማርሽ ቁልቁል ይወርዳል። በሁለተኛ ወይም እንደ ቁልቁለቱ በአንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም በየጊዜው ጥቂት ጠበቅ ተደርጎ ስለሚለቀቅ ፋታ ያገኛል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ፣ ይልቁንም ሞተሩን አጥፍቶ መንሸራተት ግን ዕብደት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኀይል ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቅበታል፤ መሪውም ይከብዳል። ነዳጅ ተቆጠበ የሚባለውም ከንቱ ነው፤ የዛሬ ሞተር በማርሽ ገብቶ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጅ የሚወስድ አይደለምና። በከባድ መኪና ላይ የሚሠራ ሰውማ ከሱሉልታ በኩል ያለው መውረጃ ሳይጀምር ቆሞ የነፋሱን ፍሬን መለኪያ ማየትና ጎማዎቹን በእጁ መዳሰስ አለበት፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ጎማ ካለ ወይ ፍሬኑ ይዞታል፣ ወይ ኩሽኔታው እየሞተ ነው።

ፍሬን ከነጭራሹ እንቢ ያለ እንደ ሆነስ? በዚያን ጊዜ መጮህና መደንገጥ አይረዳም። ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሹን አንድ በአንድ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያሉ መሳብ፣ ጥሩምባውን ሳያቋርጡ መንፋትና ወደ ተራራው ወገን ተጠግቶ መኪናውን በአፈሩ ማሸት ይገባል። የመኪናው ጎን ቢላጥ ይላጥ። ቁልፉን ግን ነቅሎ ማውጣት አይገባም፤ መሪው ይቆለፋልና።

በክረምት ነገሩ ሌላ ነው። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የኖረውን ዘይትና አቧራ፣ የባሕር ዛፉንም ቅጠል ቀላቅሎ መንገዱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ውሃውን ማውጣት አይችልም። ጥርሱ ደኅና ቢሆንም ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ዕድሜውም በጎኑ ላይ በአራት ቍጥሮች ተጽፏል፤ 2319 ቢል በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓመት በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የፊደልን መልክ ያጠና የቤተ ክህነት ሰው ይህንን ማንበብ አያቅተውም።

ስለ ግጭትና ግጭት ስላገኘው መኪና ጥገና ደግሞ ከዚህ የበለጠ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል ያለው ስሕተት በዓይን አይታይምና። በአዲስ አበባ የመኪና ሥራ ቋንቋ አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ቦሎ የሚሉትን ቃላት ዛሬ ማንም እንደ ባዕድ አይቈጥራቸውም። ባትላሜራ የሚባለውም ሠራተኛ የተጨማደደውን ቆርቆሮ በመዶሻ ደብድቦ የሚያቃና፣ ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሞልቶ ለቀለም ቀቢ የሚያቀርብ ነው። በጣም ብልኅ እጅ ያላቸው አሉ፤ ለዕቃ የሚሆን ገንዘብ ጠፍቶ ሌላው አገር የሚጥለውን በር እንደ ነበረ የሚያደርጉ። ይሁን እንጂ ቆርቆሮው የመኪናው ቆዳ ነው፤ አጥንቱ ከውስጥ ነው። በኀይል የተጋጨ መኪና ቆዳው ተቃንቶ አጥንቱ ጠማማ የሆነ እንደ ሆነ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ጎማውን በአንድ ወገን ይበላዋል፣ ሁለተኛ ሲጋጭም ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አያድንም።

ይህንን ለመመርመር ትልቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከመኪናው ሥር ከአራቱ የጎማ መያዣዎች አጠገብ ትይዩ የሆኑ ነጥቦችን መርጦ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ በገመድ መለካት ነው፤ ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ አጥንቱ ተጣምሟል። የበሮቹ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ማየት፣ ቀለሙ ላይ ትንሽ ማግኔት ማስጠጋት ይጠቅማል፤ ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ማግኔቱን አይዝም። ደግሞም የዛሬ መኪናዎች አጥንት ቀጭንና ብርቱ ከሆነ ብረት ስለሚሠራ፣ በጋዝ እሳት አግሎ ማቃናት ብርታቱን ያጠፋዋል። በግጭት ጊዜ የፈነዳው የአየር ከረጢት በአዲስ ካልተተካ፣ የመቀመጫውም ቀበቶ ከግጭቱ በኋላ ካልተለወጠ መኪናው ተጠገነ አይባልም። የከረጢቱን ስፍራ በፕላስቲክ ከድኖ የማስጠንቀቂያውን መብራት ሽቦ የቈረጠ ሰው መኪና አልጠገነም፤ የሐሰት ምስክር አቆመ እንጂ።

ይሁን እንጂ የዚህ ነገር ጥፋት በሠራተኛው ላይ ብቻ አይደለም። ወደ ጋራዥ የሚመጣው ባለ መኪና «ብቻ እንዳይታወቅ አድርገህ ሥራው» ይላል፤ ሠራተኛውም የታዘዘውን ያደርጋል። የአጥንቱን ማቃኛ ዋጋ ሲነግረው «ይህ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሊዘርፈኝ ነው» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ጋራዥ የሚያልፈው ባለቤቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ማስታወስ ደግ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደስ ብሏቸው ተቀመጡበት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውንና ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። መኪናውና ዐዋጁ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ታስቦ የተደረገ አይደለም፤ ነገር ግን ብረት ሠሪ የሚናቅበት አገር መኪናን ደኅና አድርጎ ሊይዝ አይችልም። ከሽሮ ሜዳና ከቀጨኔ ሰፈር ይልቅ ይህንን ስድብ በቅርብ የሚያውቅ የከተማ ወገን ጥቂት ነው፤ የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪውና የቀጥቃጩ መኖሪያ በዚያው ነውና።

የመኪና ዕድሜም ከእንግዲህ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን ማገልገላቸው የማይቀር ነው። ስለዚህ በሶማሌ ተራ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል አዲሱን ከአሮጌው፣ እውነተኛውን ከተመሳሳዩ ለይቶ መግዛት የባለቤቱ ሥራ ነው። የበር እጀታ፣ መስታወት፣ መብራት ያገለገለ ቢሆን ነውር የለበትም፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማና የመሪ መጋጠሚያ ግን ያገለገለ አይገዛም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 681 መኪና ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛል፤ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎም የዚህ ምልክት ነው። ለምርመራው ቀን ደኅና ጎማ ተውሶ አስሮ፣ ማግሥቱን ፈትቶ የሚመልስ ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ በዚያ መኪና ከልጆቹ ጋር የሚሄደው ግን መርማሪው አይደለም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶች እንመለስ። የመንግሥት መኪና ባለቤቱ መንግሥት ነው ይባላል፤ መንግሥት ግን ፍሬን አይረግጥም፤ ሸራው ማለቁንም ጆሮ ኖሮት አይሰማም። የሚሰማው ሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩም ጽፎ ያመለክታል፤ ያመለከተበት ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የመግዣው ፈቃድ ፊርማ ሲጠብቅ መኪናው በየቀኑ በቁልቁለቱ ይመላለሳል። በኦሪቱ ቋንቋ «ለባለቤቱ ተነግሮታል» የሚለው የተፈጸመው በዚያ ወረቀት ላይ ባለው ቀን ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ወደ ወህኒ የሚወርደው ሹፌሩ ነው፤ የወንጀል ሕጉ በሥራው ምክንያት የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሰው ቸልተኝነት አክብዶ ይቀጣልና። ፊርማውን ያዘገየው ሰው ስሙም አይነሣም።

ከኋላ የሚቀመጠው ሹም ሌላም ዕዳ አለበት። «ቶሎ በል፣ ስብሰባ ረፍዶብኛል» የሚለው ቃል የሚያደርገውን በቍጥር ማየት ይሻላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ነጂው አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ ሜዳና በደኅና ጎማ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ለመቆም 37 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ሃያ ሜትር ላይ አንድ ሕፃን ወደ መንገዱ ቢገባ የፊተኛው ከሕፃኑ ፊት ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን ገና ፍሬኑ መያዝ ጀምሮ ሳለ በ55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይመታዋል። በቁልቁለት ደግሞ ሁለቱም ልኮች ይረዝማሉ። ስብሰባው የቀደመው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ኢዩ ከሩቅ የታወቀው በችኮላ አነዳዱ እንደ ነበረ ይታወሳል፤ የኢትዮጵያው ጃንደረባ ግን በሠረገላው ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ የቻለ ሰው ነው፤ ሠረገላው እንዲቆም ያዘዘውም ራሱ ነበር። ባለ ሠረገላው ጌታው ሲያዝዘው አቆመ፤ የዛሬውም ሹፌር እንዲሁ ነው፤ እንዲዘገይ ቢታዘዝ በደስታ ይዘገያል።

የሌሊት መንገድ የሚያመጣውን የኢትዮጵያ ሕዝብ በአንድ ሰው ላይ አይቶታል። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት የራሱን ትንሽ ቮልስዋገን እየነዳ በሸኖ አጠገብ ተገለበጠ። ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ከዚያ ወዲያ አልተራመዱም፤ በእንግሊዝ አገር ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ቈጠረው በመላው ዓለም በየዓመቱ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው 1,190,000 ያህል ነው፤ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ቀበቶ ቢያስር የመሞት አደጋው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀበቶውን ማሰር የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ነጠላና ካባ የለበሰም ሰው ሊያስረው ይችላል።

በቤተ ክህነት ወገንም የሚነገር ነገር አለ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ወደ ደጀ ሰላም አምጥቶ ጠበል ሲያስረጭ ካህኑ የሚጸልየው ስለ ውጭ ጠላት ብቻ መሆን የለበትም፤ ባለቤቱን «ፍሬኑን መቼ አስመረመርህ?» ብሎ ቢጠይቀው ጸሎቱን አይሽርበትም። በመስተዋቱ ላይ ሥዕለ አድኅኖ ሰቅሎ በጠማማው መንገድ ላይ ስልክ የሚያናግር ነጂ ቅዱሳኑን ምስክር አድርጎ ሕግ ይጥሳል። በየወሩ የእንጦጦ ማርያም ዕለት ብዙ ምእመናን በሚኒባስ ይወጣሉ፤ ከሚገባው በላይ ሰው የጫነው ሚኒባስ ሲመለስ ያው ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ነው። ሰባኪ ይህንን በዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገር ከስብከቱ አልወጣም።

ግጭት ከደረሰ በኋላ ያለውን በአጭሩ መናገር ይበቃል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 799 ባለ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ለተጎዳውም የአስቸኳይ ሕክምና ዋጋ እንዲከፈል ይደነግጋል። እንግዲህ ገንዘብ ፈርቶ የሚሸሽ ሰው ምክንያት የለውም። በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ነገር ግን አንገቱን ወይም ወገቡን የተመታን ሰው እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚያሰጋው ካልሆነ በቀር አንሥቶ በኋላ መቀመጫ ላይ ማጠፍ ከግጭቱ የበለጠ ሊጎዳው ይችላል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ባለበት አሙቆ ማቆየትና ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው የሚሻለው።

ጠዋት በእንጦጦ ላይ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሹፌር ከማርያም ደጅ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። ፍሬኑን ቆሞ ሁለት ጊዜ ይረግጣል፤ ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ዘይት እንዳለ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፤ መብራቱን ያበራል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እያጉረመረመ በዝግታ ይወርዳል፤ ጭራሮ የተሸከሙትም ሴቶች ድምፁን ከኋላቸው ሰምተው ሸክማቸውን ሳያዞሩ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ዳር ይጠጋሉ።